ከቆጣሪው ወዲያ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ናትናኤል ለኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ፈቃድ ሊፈተን ነውና፣ ሸዋሮቢት ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ደንቡን ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። «የኤሌክትሪክ ሥራ» ማለት ምን እንደሆነ፣ ማን ምን መንካት እንደሚፈቀድለት፣ የማን ሥራ የት ላይ እንደሚያበቃ። ፓፓያ እየላጥኩ ስሰማው ቆየሁና እጄ ቆመ። እኔ ያ ትርጉም የገባኝ ጀውሃ ከተማ አጠገብ፣ አንድ የሽንኩርት ማሳ ዳር ነው።

ያኔ ፈቃዴ ገና አዲስ ነበር። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የቤት ውስጥ ሥራ የኔ፣ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ምሰሶና ዋና መስመር የመስመር ሠራተኞች ድርሻ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። በአካባቢው ሴት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ መሰላል ላይ በወጣሁ ቁጥር ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር።

ቀኑ ሙቀቱ ከአስፋልቱ የሚተንበት፣ ንፋሱ አቧራ ይዞ የሚዞርበት ከሰዓት በኋላ ነው። ጀውሃ አንድ ምግብ ቤት ሶኬት ስጠግን ጩኸት ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ፣ ንፋሱ የመንገድ ዳሩን የኤሌክትሪክ መስመር በጥሶ አጠገቡ ባለው በገበሬው በጋሽ ሰይድ ማሳ ውስጥ ጥሎታል። ጋሽ ሰይድ ሽንኩርታቸውን ውሃ እያጠጡ ነበር። ከሽቦው ባሻገር እርጉዝ ላማቸው ታስራለች። ውሃው በቦዩ እየተሳበ ወደ ሽቦው ይሄዳል።

ጋሽ ሰይድ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። «ልጄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ አንሺልኝ! ላሟ የልጆቼ ጉሮሮ ናት።»

«ጋሼ፣ ይሄን መንካት አይፈቀድልኝም፤ መሣሪያውም የለኝም። ኃይሉ ከላይ ሳይዘጋ የነካው ሰው ይሞታል።»

«ታዲያ ፈቃድሽ ለምንድነው?» አለ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር። «በእንጨት ገፋ ማድረግ እኮ ነው። ፈርታ ነው!»

መፍራቱንስ ፈርቼ ነበር። የምግብ ቤቱን ባለቤት ለመስመር ሠራተኞቹ ስልክ እንዲደውል ላክሁት። የጋሽ ሰይድን የወንድም ልጅ ቦዩን ከላይ በአፈር እንዲዘጋ አስሮጥኩት። ሰዉን ወደ አስፋልቱ መለስኩ። ሹፌሩ ግን ከአጥሩ አንድ እንጨት ነቅሎ ወደ ማሳው ተራመደ። ከፊቱ ቆምኩ። የእንጨቱ ጫፍ በማሳው ውሃ ርሶ ነበር፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

«ይሄን ይዘህ ከገባህ፣ ሬሳህን ለማውጣት እንኳ አልገባም» አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቆመ።

ቦዩ ተዘጋ፤ ቀድሞ ያለፈው ውሃ ግን ሽቦው ጋ ደረሰ። ላሟ አንዴ ተወራጨች፣ ጉልበቷ ታጠፈ፣ ወደቀች። ጋሽ ሰይድ ዘለው ሊገቡ ሲሉ ወገባቸውን ይዤ አብረን አቧራው ላይ ተዘረርን። እያለቀሱ መቱኝ። አልለቀቅኳቸውም።

የመስመር ሠራተኞቹ መጥተው ኃይሉን ካቋረጡ በኋላ አንደኛው «እስክንዘጋው ድረስ ሙሉ ኃይል ነበረው» አለ። ሹፌሩ እንጨቱን አጥሩ ላይ መልሶ ሰካ። ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

ጋሽ ሰይድ ለብዙ ጊዜ ሰላምታዬን አይመልሱም ነበር። በኋላ አንድ የገበያ ቀን መንገድ ላይ አስቆሙኝና «ወላሂ፣ ብትለቂኝ እገባ ነበር» አሉኝ። ሌላ ምንም ሳይጨምሩ አህያቸውን እየነዱ ሄዱ።

ይሄን ለናትናኤል ነግሬው ስጨርስ የሚያነበውን ደንብ አጠፈ። «እሺ አክስቴ፣ በላሟ ቦታ ሰው ቢሆንስ?»

«ያኔም አልገባም ነበር» አልኩት። ድምፄ ግን እንደፈለግሁት አልጠነከረም። ሕጉ የሥራዬን ዳር አሳይቶኛል። እዚያ ዳር ላይ ቆሞ ማየት እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቀው ግን የቆመ ሰው ብቻ ነው።