እናቴን የንስሐ አባቷ ዘንድ የከሰስኩ ዕለት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴን የንስሐ አባቷ ዘንድ ከሰስኳት። አዎ... የወለደችኝን። ያውም ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ።

ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ስሙኝ። እማዬ ስኳር አለባት። የምትኖረው እዚሁ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር፣ ከእኔ ጋር ነው። ሐኪሙ ሁለት ነገር ነግሯታል። አንደኛ፣ ጣፋጭና ዱቄት ይቀንሱ። ሁለተኛ፣ በሰዓቱ ይብሉ። የመጀመሪያውን በሙሉ ልቧ ተቀበለች። ሁለተኛውን ግን ሰውዬው ለወጉ ያህል የተናገረው አድርጋ ወሰደችው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የምርምር ተቋም ሆኗል። በቴሌግራም አንዱ ሊቅ አብሽ ዘፍዝፉ ሲል አብሽ ይዘፈዘፋል። ሌላው ሽፈራው ቀቅሉ ሲል ድስቱ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ሎሚ በባዶ ሆድ፣ ተልባ ከመኝታ በፊት... አንዱ ፍራፍሬ መርዝ ነው አለ፣ ፓፓያው ተባረረ። ሌላው ጠላታችሁ እንጀራ ነው አለ፣ እንጀራም ፓፓያውን ተከተለ። እኔ ከከተማው ማዶ፣ ጊጊሪ፣ ሥራ ውዬ፣ በመኪና ሰልፍ ተንጨርጭሬ ስገባ፣ እራቴ ከየትኛው ሊቅ እንደተላከ እንኳን አልጠይቅም። ዝም ብዬ እበላለሁ። ደክሞኛል ወገኖቼ።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሊቃውንቱና ጾሙ እማዬ ሳህን ላይ ተገናኙ። ጾሙ ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውንና እንቁላሉን ወሰደ። ሊቃውንቱ እንጀራውን፣ ድንቹን፣ ሩዙንና ፍራፍሬውን ቀድመው ወስደዋል። የቀረላት ሱኩማ የሚሉት የዚህ አገር ጎመን ነው። እሱም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ!

የስኳር ኪኒኗን ግን አታጓድልም። ጠዋት ከምግብ ጋር ይውሰዱ ስለተባለች ጠዋት ትውጣለች... ያለ ምግቡ።

«እማ፣ ከምግብ ጋር እኮ ነው የተባለው!»

«መድኃኒት ጾም አይገድፍም። ምግብ ግን ይገድፋል። ይሄ ምኑ ይከብድሻል?»

ረቡዕ ረፋድ ላይ ጎመን ልትገዛ ወጥታ፣ የሰፈራችን አትክልት ሻጭ መደብ ፊት ጉልበቷ ከዳት። ሴትየዋ «ፖሌ ማማ፣ ፖሌ!»፣ አይዞሽ እናቴ እያለች፣ እዚህ ሶዳ የሚሉትን ለስላሳ አጠጣቻትና ለእኔ ደወለች። የቢሮ ልብሴን እንደለበስኩ በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ እየበረርኩ ስደርስ፣ እማዬ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ነጭ ነው። ስታየኝ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል...

«ሶዳው የጾም ነው አይደል?»

እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው የከሰስኳት። ሌላ ጊዜ ብቻዋን ሆና ብትወድቅስ? ከሐኪሙ በላይ፣ ከቴሌግራም በላይ፣ ከእኔማ በእጅጉ በላይ የምትሰማው የንስሐ አባቷን ብቻ ነው።

አባ መስቀላቸውን አሳልመውን ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ክሴን አንድ ሳላስቀር ዘረዘርኩ። ጨርሼ ስተነፍስ ወደ እማዬ ዞሩ። የሚጠሯት በክርስትና ስሟ ነው።

«ወለተ ማርያም፣ ወደቅሽ እንዴ?»

«ኧረ አባ፣ ተንበረከክሁ እንጂ አልወደቅሁም። እሷ ማጋነን ትወዳለች።»

«ጎመን ፊት ነው የተንበረከክሽው?»

ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ።

«በይ ስሚኝ፤ የታመመ አይገደድም። ከዛሬ ጀምሮ ከጾሙ ፈትቼሻለሁ» አሉ።

አሸነፍኩ ብዬ ቀና ስል እማዬ እያለቀሰች ነው።

«ምን አጥፍቼ ነው አባ?»

«ቅጣት እኮ አይደለም ልጄ።»

«የዚች አባት በዚሁ በስኳር ነው የሞተው። እኔም ከዚያ ወዲህ ምን እንደምበላ ግራ ገባኝ። አንዱ ብዪ ይለኛል፣ አንዱ ተዪ ይለኛል። ዛሬ መድኃኒት ያሉትን ነገ መርዝ ነው ይሉኛል። አጥርቼ የማውቀው መጾም ብቻ ነው። እሱንም ከወሰዱብኝ ምን ይዤ ልዳን?»

ያ ሁሉ አብሽ፣ ያ ሁሉ ተልባ... ለካ ቤታችን ውስጥ ሲዘፈዘፍ የከረመው ፍርሃት ኖሯል።

አባ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና ድምፃቸውን አከበዱ።

«እንግዲያው አልፈታሽም። ከሥጋውና ከወተቱ እንደ ልማድሽ ጹሚ። ለጠዋቱ ግን ቀኖና ሰጥቼሻለሁ።»

ቀኖና ሲባል እማዬ እንባዋን ጠራረገች። የንስሐ ቅጣት እኮ የለመደችው አገር ነው፤ መንገዱን ታውቀዋለች።

«በየማለዳው ኪኒንሽን ከመዋጥሽ በፊት ተቀምጠሽ ቁርስ ትበያለሽ። ሐኪሙ የፈቀደልሽን፣ ሳህኑ እስኪጸዳ። ብታጓድዪ መጥተሽ ትናዘዣለሽ።»

«ስግደት ልጨምርበት አባ?»

«ምንም እንዳትጨምሪ! ከቴሌግራሙም ጭምር!»

ሰኞ ማለዳ ለሥራ ለባብሼ ወጥ ቤት ስገባ፣ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ምስር ወጥና ቁራሽ እንጀራ ፊት ቁጭ ብላለች። አማተበች። ጎረሰች። ፊቷ የተፈረደበት ሰው ፊት ነው።

«ይጣፍጣል እማ?»

«ዝም በዪ፣ ቀኖና ላይ ነኝ።»

ሳህኑን ጠርጋ ጨረሰች። ኪኒኗን አነሳች... ትንሽ አሰበችና መልሳ አስቀመጠችው። ሳህኑን በጣቷ ወደ እኔ ገፋ አደረገች።

«ትንሽ ጨምሪልኝ» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። «ኃጢአቴ ብዙ ነው።»

እግዜር ይመስገን... እናቴ ኃጢአተኛ ናት።