የሜልባ የመጨረሻ መንጠቆ

ኤይናር ሉንድ ዋሾ ነበር ብዬ ብጀምር ቅር የሚለው አይመስለኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጀልባዬ ላይ ከፊቴ ተቀምጦ፣ «ይቺን መንጠቆ ያሰርኳት እኔ ነኝ» እያለ ሲምል ሰምቼዋለሁ። ቀኝ እጁ ላይ የቀሩት ሦስት ጣቶች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱን የእንጨት መሰንጠቂያው ወስዶበታል። የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ የሚቆልፍለት ሰው የሚፈልግ ሽማግሌ፣ ያን የመሰለ ቋጠሮ ከየት ያመጣዋል? ክሩ በመንጠቆው አንገት ላይ አሥራ አምስት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ ከላይ ትንሽ ሸምቀቆ መተው አለበት። ክሩን ገፋ ስታደርገው ሸምቀቆው ይከፈታል፤ ለማጥመጃ የሚሆነውን የአሳ እንቁላል ታስገባለህ፤ መልሰህ ስትስበው እንቁላሉ ሳይፈርጥ ጥብቅ ብሎ ይያዛል።

የምታስርለት ሚስቱ ሜልባ ነበረች። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው፤ ግን ፊት ለፊት ያወራው ሰው አልነበረም። እንቁላሉንም የምታዘጋጀው እሷው ናት። በጨውና በስኳር አሽታ፣ ቀይ ቀለም አጠጥታ በጠርሙስ ታስቀምጠዋለች። ያ ቀለም ጣት ላይ ከያዘ በሳሙናም አይለቅም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ሜልባ ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው ጣቶቿ እንደቀሉ ነው። የባሏ ጣቶች ግን ንጹሕ ናቸው። «የሌሉትን ጣቶቼን ይበርደኛል» እያለ ወንዝ ላይ የላስቲክ ጓንቱን አያወልቅም።

አንድ እሑድ ከጸሎት ስንወጣ ነካ አደረግኳት።

«ሜልባ፣ ጣትሽን ምን ነካው?»

«ቀይ ሥር ልጬ ነው።»

«በየሳምንቱ ቀይ ሥር?»

«ኤይናር ይወዳል። አንተን ምን አገባህ ክሌም?»

ኤይናር ቀይ ሥር ከሚበላ ጫማውን ቢበላ ይመርጣል። አጠገቧ ቆሞ ጣራ ጣራውን ያያል።

ሜልባ ውሃ ስለምትፈራ አንድም ቀን ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ሆኖም ወንዙን ከእኛ ሁሉ በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። ጠዋት በማድ ቤቷ መስኮት የወንዙን መልክ ታይና መንጠቆውን ትመርጥለታለች። ውሃው ሞልቶ ከደፈረሰ ትልቁን መንጠቆ ከአውራ ጣት ከሚያክል እንቁላል ጋር፤ ጎድሎ ከጠራ ትንሿን መንጠቆ ከጥፍር ከምታክል እንቁላል ጋር። «መንጠቆው ከጉርሻው ካነሰ አሳው ሳያውቀው ይውጠዋል» ትል ነበር። እኔ ይህን ለመማር ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ታኅሣሥ ላይ ሞተች። በሽታው ከታወቀ በኋላ ከስድስት ሳምንት በላይ አልቆየችም፤ በነዚያ ስድስት ሳምንታት ግን እንቁላል ማሸቷን አልተወችም። አስከሬኗን ያሰናዳው ሰውዬ ለኤይናር በትሕትና፣ «ጥፍሯ ላይ ያለውን ቀለም ልናስለቅቀው እንችላለን» አለው። ኤይናር ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እንዳትነኩት!» አለ። በቀይ ጥፍሯ ተቀበረች።

ያሰረቻቸው አሥራ ሰባት መንጠቆዎች በስፖንጅ ላይ ተጠምጥመው ቀሩ። የእኛ ወንዝ ደግሞ ድንጋያም ነው፤ መንጠቆው ድንጋይ ሥር ከገባ ክሩ ይበጠሳል እንጂ አይወጣም። አንድ በተበጠሰ ቁጥር ኤይናር አንገቱን ይደፋል። ማየቱ ሲመረኝ ከሱቅ አንድ እሽግ መንጠቆ ገዛሁለት።

«በነዚህ አጥምድ። የእሷን ቤትህ አስቀምጥ።»

«ሜልባ ያሰረችው ለአሳ ነው። ለግድግዳ አይደለም።»

አፉ ይህን ቢልም፣ አንዲት ትንሽ መንጠቆ ስትቀር ግን ባርኔጣው ውስጥ ሰክቶ ወንዙን ተወው። አንድ ዓመት ሙሉ ቤቱ ተቀመጠ። ከእጇ ሥራ የቀሩት ያቺ መንጠቆና ፍሪዘር ውስጥ ያለች አንዲት ጠርሙስ እንቁላል ነበሩ።

በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ዐውሎ ነፋስ ዛፎቹን በመብራት ሽቦው ላይ ጣላቸው። ለአራት ቀን መብራት ጠፋ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ኤይናር ደወለልኝ።

«ክሌም፣ ቀለጠ።»

«ምኑ?»

«እንቁላሏ። ዛሬ ካልሆነ ይበላሻል።»

ጀልባዬን ከመኪናዬ ኋላ ቀጥዬ ሄድኩ።

ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል። ኤይናር ባርኔጣውን አውልቆ ያቺን ትንሽ መንጠቆ ሲነቅል ሳይ ደሜ ፈላ።

«አብደሃል? ይቺ እኮ ለጠራ ውሃ ነች! ትልቅ ልስጥህ።»

«ሁለቱም የእሷ ናቸው። አብረው ይውረዱ።»

«ድንጋይ ይበላብሃል።»

«አሸዋው ጋ ውሰደኝ እንግዲህ። እዚያ ድንጋይ የለም። መልሼ ወደ ባርኔጣዬ ነው የማስገባት።»

አሸዋው ጋ ውሃው ዝግ ብሎ ይዞራል። ዝግ ባለ ውሃ ውስጥ አሳ ጉርሻውን ለመዋጥ ጊዜ ያገኛል። ይህን እኔም እሱም እናውቃለን፤ ዕድሜያችንን የጨረስነው እዚሁ ነው። ያን ቀን ግን ሁለታችንም የፈራነው ድንጋዩን ብቻ ነበር። ወደዚያ የቀዘፍኩት እኔ ነኝ።

ቋጠሮዋ በላስቲክ ውስጥ ስላልተሰማው ኤይናር ጓንቱን አወለቀ። በሦስት ጣቱ ሸምቀቆውን ከፈተ፤ ከጠርሙሱ ትልቅ ቁራጭ እንቁላል አውጥቶ አስገባ። ሦስቴ ወድቆበት ሦስቴ ከጀልባዋ ወለል ለቅሞታል። እኔም አልረዳሁትም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲወረውር የማጥመጃው ዘንግ ጎበጠ። ከሩብ ሰዓት ትግል በኋላ አሳዋ በጀልባው ጎን ቀረበች፤ ከባሕር ገና የወጣች፣ ብር የመሰለች፣ ስቲልሄድ የምንላት ትልቅ አሳ። ጀርባዋ ላይ ያለችው፣ በእርባታ አሳዎች ላይ የምትቆረጠው ትንሽ ክንፍ አልተቆረጠችም። የዱር ናት ማለት ነው፤ በሕጋችን መለቀቅ አለባት። አፏን ስከፍት መንጠቆው አይታይም። ክሩ ብቻ ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳል።

እንዲህ ሲሆን የሚደረገው አንድ ነገር ነው። ክሩ ከአፏ ሥር ይቆረጣል፤ መንጠቆው ውስጧ ይቀራል። ጎትቼ ላውጣ ያለ ሰው አንጀቷን ይበጥሰዋል።

ወደ ላይም ወደ ታችም ቃኘሁ። የዱር አሳ ገደለ ብዬ ስንቱን ሰው ያዋረድኩ ሰውዬ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ማንም የለም፣ ኤይናር። በዱላው አንዴ ምታትና መንጠቆህን ውሰድ።»

ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። ግን ፊቱን ብታዩት እናንተም ትሉት ነበር።

ወደ ውሃው ጎንበስ አለ። መዳፉን ከሆዷ ሥር አድርጎ ደግፏታል።

«እንቁላል ይዛለች» አለ ቆይቶ።

«አይቻለሁ።»

«ሜልባ ይህን ብትሰማ...» አለና ተወው። «መቀስ አለህ?»

አቀበልኩት። ጣቶቹ መቀሱን መክፈት አልቻሉም። ሞከረ፣ እንደገና ሞከረ፤ ከዚያ መለሰልኝ።

«አንተ ቁረጠው ክሌም። እኔ አልችልም።»

ቆረጥኩት። አሳዋ አቅሟ እስኪመለስ በእጁ ላይ ቆየች፤ ከዚያ ጅራቷን መታ አድርጋ ወደ ድፍርሱ ገባች። ኤይናር እጁን ከውሃው አላወጣም። እዚያው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ በቀብሯም እንዲያ አላለቀስኩም። የተረፈውን እንቁላል ጓንት በሌለው እጁ እየዛቀ ወንዙ ላይ በተነው፤ ጠርሙሱንም በጣቱ ጠራረገው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳገኘው በሜልባ ቦታ ተቀምጧል። ሦስቱም ጣቶቹ እስከ ጥፍራቸው ቀልተዋል። ሰው ሁሉ እየጨበጠው ያያል፤ አይቶም ያልፋል። ጎኑ ተቀመጥኩና፣

«ጣትህን ምን ነካው?» አልኩት።

«ቀይ ሥር ልጬ ነው» አለኝ።