ኤደንን ከመርከብ ለማምጣት የተላክሁበት ጉዞ

ለባሕር ዳርቻዋን የወሰነላት፣ ማዕበሉን በቃሉ ጸጥ የሚያሰኝ ልዑል እግዚአብሔር ስሙ ከፍ ከፍ ይበል። በፈቃዱ ሄጄ በፈቃዱ ተመልሻለሁና፣ በዚህ በኮሎራዶ ምድር ተበትናችሁ ለምትኖሩ፣ በሀገር ቤትም ደብዳቤዬን ተሰብስባችሁ ለምታነቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የልጅ ልጄን ኤደንን ወደ እናቷ ቤት ለማምጣት ተልኬ በታላቅ መርከብ ላይ ያየሁትንና የሰማሁትን እነሆ እጽፋለሁ።

ከኦሮራ የወጣሁት ገና ጎሕ ሳይቀድ ነበር። በኮልፋክስ መንገድ ዳር የተከመረው በረዶ ጠቁሮ፣ ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር። ልጄ ማርታ ከቤቷ መጥታ፣ ደጄ ላይ መኪናዋን አሙቃ ትጠብቀኝ ነበር። ከበጌምድር፣ ድጓ ከማስተምርበት ጉባኤ አውጥታ ወደዚህ ሀገር ያመጣችኝ እርሷ ናት። በሆስፒታል ነርስ ናት። ባሏን በወጣትነቱ ቀብራ አንዲት ልጇን ኤደንን ያሳደገችው ሌሊት እየሠራች ነው፤ እናቷ ሥራ ስትሄድ ኤደን ከእኔ ጋር ታድር ነበር። እኔ ዜማዬን ሳንጎራጉር ቃሉን ሳታውቅ በድምፅዋ ትከተለኝ ነበር። አድጋ በኮሌጅ ሙዚቃ ተማረች፤ ከዓመት በፊትም በመርከብ ላይ ዘፋኝ ሆና ተቀጠረች። ያን ጊዜ ልቤ አዘነ፤ «ሰላም በሏት» እላለሁ እንጂ ስልኳን መቀበል ተውሁ።

ማርታ መሪውን ይዛ፣ «አባዬ፣ የዘጠኝ ወር ሌላ ውል አምጥተውላታል» አለችኝ። «መርከቡ ወደብ ሳይመለስ ትፈርማለች። እኔን አትሰማኝም። እርስዎ እንቢ ካሏት ግን ትመለሳለች። ቤቱ ባዶ ሆነብኝ።»

«አመጣታለሁ» አልኋት።

በአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሹ መቋሚያዬን አንሥቶ አገላበጠው።

«ይህ ምንድን ነው?»

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ «በጸሎት ጊዜ የምደገፈው ነው» አልሁት።

«ለመራመድ ያስፈልግዎታል?»

«ለመራመድ አይደለም፤ ለመቆም ነው።»

«ለመቆም ዱላ ይዞ የሚበር ሰው ሳይ እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት» ብሎ አሳለፈኝ።

ማያሚ ስደርስ፣ በኦሮራ ደረቅ አየር የተሰነጣጠቀ ከንፈሬ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሰለሰ፤ አየሩ እንደ ጣና ዳር ክረምት ወበቃም ነበር። መርከቡንም አየሁ። እግዚአብሔር ኖኅን ሦስት ደርብ አድርገህ ሥራ ብሎት ነበር፤ ይህ ግን አሥራ አምስት ነው። በጣና ላይ በታንኳ የተሻገርሁ እኔ፣ ውኃ ይህን ሁሉ ብረት እንዴት እንደሚሸከም እያደነቅሁ በድልድዩ ገባሁ።

ክፍሌ እንደ መነኩሴ በዓት ጠባብ ነበር፤ ነገር ግን በጥበብ የተሠራ። አልጋው ሥር ለሻንጣ የሚሆን ቦታ አለ። ጠረጴዛው ከግድግዳ ይወጣል፣ ተመልሶም ይገባል። በመታጠቢያ ቤቱ አንድ ሰው ዘወር ማለት ባይችል እንኳ የሚጎድልበት ነገር የለም። መስኮት አልነበረውም። ክፍሉን የሚያሰናዳው ዋያን የተባለ የኢንዶኔዥያ ሰው ነበር፤ በየቀኑ ፎጣዎቹን አጣጥፎ አንዱን ዝሆን፣ አንዱን ዝንጀሮ፣ አንዱን ርግብ አድርጎ አልጋዬ ላይ ያስቀምጥልኛል። ልጆች እንዳሉት ብጠይቀው፣ «ሦስት፤ ትንሿን ካየኋት ስምንት ወር ሆነኝ» አለና የዝሆኑን ኩምቢ አቃና።

ኤደን የሥራ ልብሷን ለብሳ ወደ ክፍሌ እየሮጠች መጣች። ጉልበቴን ሳመች።

«አባባ! ኦ ማይ ጋድ፣ በእውነት መጡ! እማዬ ናት የላከችዎት፣ አይ ኖው። ግን አሁን አይንገሩኝ፣ ፕሊስ። መጀመሪያ መርከቡን ይዩልኝ።»

ከስታ አገኘኋት፤ ፊቷ ግን ብሩህ ነበር። እሺ አልኋት። ዮናስም የተላከበትን ሳያደርስ በመርከብ ሆድ ተኝቶ ነበርና፣ የእኔም ዝምታ እንዳይከፋ ፈራሁ።

በማግሥቱ ለጸሎት ስነሣ አንድ ችግር ገጠመኝ፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ምሥራቅ ወዴት ነው? ወደ እንግዳ መቀበያው ወርጄ ጠየቅሁ።

«የፀሐይ መውጫን ለማየት ነው? አሥራ አራተኛ ፎቅ ይውጡ» አለችኝ ልጅቱ።

«ለማየት አይደለም፤ ፊቴን ለማዞር ነው።»

«እንግዲያው አሁን ከኋላዎ ነው። ከምሳ በኋላ ግን መርከቡ ይዞራል፤ በግራዎ ይሆናል። ማታ ደግሞ ይምጡና ይጠይቁኝ።»

ሰባ ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ምሥራቅ በባሕር ላይ ሲዞርብኝ፣ እኔም በየጸሎቱ ሰዓት እየወረድሁ ስጠይቅ ሰነበትሁ። ልጅቱ በሦስተኛው ቀን ከሩቅ ስታየኝ ሳልጠይቃት እጇን ዘርግታ ታሳየኝ ጀመር። እግዚአብሔር ይስጣት።

ምግቡ ከሐሳብ በላይ ነበር። ረቡዕ ዕለት የጾም ምግብ ብጠይቅ አስተናጋጁ «ቪጋን?» አለኝ፤ ቪጋን ማለት ያለ ጸሎት የሚጾም መሆኑ ገባኝ። ከምስር የተሠራ ወጥ አመጣልኝ፤ በርበሬው ቢጠፋም እጁ የተባረከ ነበር። ከዚያ ኤደን ይዛኝ ዞረች። በሞቃቱ ባሕር መካከል በረዶ ረግቶ ሰዎች በብረት ጫማ ይንሸራተቱበታል፤ እኛ በኦሮራ አካፋ ይዘን ከደጃችን የምንጠርገውን እነርሱ ቲኬት ይዘው ይመጡበታል። በሰገነቱ ላይ ውኃ በቱቦ እየተጠማዘዘ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም እያሳቀ ያወርዳል። በሌላው ስፍራ ጢማቸው የሸበተ ሰዎች ቼዝ ይጫወታሉ፤ አንዲት ባልቴት ብቻዋን ቫዮሊን ትመታለች፤ የቆመ ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማታል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጠብ አላየሁም፤ የሰከረ አይቻለሁ፤ እርሱንም በትሕትና ደግፈው ወደ ክፍሉ ወሰዱት። ሰውን ማስደሰት እንዲህ ያለ ሥርዓትና ድካም እንደሚጠይቅ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኤደን፣ «ልምምድ አለን፤ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ» አለችኝ። እግሬን ወደ ዘፈን አዳራሽ ሳነሣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። የልጅ ልጄን ለማየት እንጂ ለመስማት አልገባም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። ከመድረኩ በታች ጸጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በአፍንጫቸው ጫፍ ያደረጉ እንግሊዛዊት መምህር ቆመዋል። ኤደን አንድ ስንኝ አለች። መምህሯ «አጌን» አሉ። ደገመች። «አጌን።» ሰባት፣ ስምንት ጊዜ አስደገሟት። አልተቀመጠችም፤ አላጉረመረመችም። የኔታ በአንዲት ሐረግ ላይ ከጠዋት እስከ ጥላ መዞሪያ አቁመው «ደግመህ!» ሲሉኝ የነበረውን አስታወስሁ።

በረዥሙ ድምፅ መካከል ትንፋሽዋ ተቆረጠ። የት እንደ ጠፋባት ዐወቅሁ። ያለሁበትን ግን ረሳሁ። መቋሚያዬን ወለሉ ላይ መታሁና፣

«ከቃሉ በፊት ተንፍሺ! መካከል ላይ አትስረቂ!» ብዬ ጮኽሁ።

ሙዚቃው ቆመ። ራሶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ኤደን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ!»

መምህሯ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ማን ናቸው?»

«አያቴ ናቸው።»

«ምን አሉ?»

ተረጎመችላቸው። መምህሯም፣ «ልክ ናቸው። ከሰኞ ጀምሮ የምነግርሽ ይህንኑ አይደለም? አጌን።»

ኤደን ከቃሉ በፊት ተነፈሰች። ድምፅዋ ሳይሰበር ወጣ፣ ሳይሰበር ወረደ። መምህሯ ወደ እኔ ዞረው፣ «ነገም ይመጣሉ?» አሉኝ።

«ነገ ዓርብ ነው» አልኋቸው። ምን እንዳገናኘው አልገባቸውም።

ያን ዕለት ምሽት ትርኢቱን ከሕዝቡ ጋር ተቀምጬ አየሁ። መጋረጃው ሲከፈት ከተማ ነበረ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ጫካ ሆነ። ይህን የሚያንቀሳቅሱት በጨለማ ጥቁር ለብሰው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ማኅሌት ላይ ቀኝና ግራ እንደሚቀባበለው፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል፤ አንድም አልዘገየም። ዳንሰኞቹ ሲወጡ ዐይኔን ጨፈንሁ፤ ጆሮዬን ግን አልደፈንሁም። ኤደን ስትጨርስ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔም ተነሣሁ፤ ተቀምጬ መቅረት አልቻልሁም።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ በሰገነቱ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። የውሉ ወረቀት በእጇ ነበር።

«አሁን ይንገሩኝ፣ አባባ።»

የተላክሁበትን ሳልቀንስ ነገርኋት። «እናትሽ ብቻዋን ናት። ቤቱ ባዶ ሆነባት። ወደ ቤትሽ ነይ።»

«እማዬ ብቻዋን እንደሆነች አውቃለሁ። ኤቭሪ ዴይ ነው የማስበው። ግን እርስዎ ድጓ ሊማሩ ከቤት ሲወጡ፣ እናትዎ ማን ነበራቸው?»

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እናቴ ማንም አልነበራትም። ሳልሰናበታት በሌሊት ነበር የጠፋሁት፤ በሰባተኛው ዓመት ስመለስ መቃብሯን አሳዩኝ። ሰው ሁሉ «ለትምህርት ሄደ» ብሎ አመሰገነኝ፤ ስለ እርሷ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እስከዚያች ቀን እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

«የእኔ የእግዚአብሔር ቃል ነበር» ልላት ፈልጌ ነበር። እውነትም ነው። ነገር ግን የእናቴን ቤት ባዶነት አልሞላውም።

«ዘፈኑን አልመርቅም» አልኋት በመጨረሻ።

«እኔንስ?»

እጄን በራሷ ላይ ጫንሁ። የማውቀውን ምርቃት ሁሉ አወረድሁላት፤ እንባዬም አብሮ ወረደ። «በየእሑዱ እናትሽ ጋ ትደውያለሽ፤ ከእኔ ጋርም ትነጋገሪያለሽ» አልኋት። «ፕሮሚስ» አለች።

ወደብ ስንደርስ ስልኬን ከፈትሁ። ማርታ ወዲያው አነሣች።

«አባዬ! አጠገብዎ ናት?»

«የለችም።»

«ፈረመች?»

«ፈረመች።»

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«መረቅኋት።»

የሆስፒታሉ ጥሪ ከኋላዋ ሲያስተጋባ ይሰማኝ ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንሁዎት» አለች። ይቅርታ ጠየቅኋት። ልጄን ይቅርታ ስጠይቅ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ፣ «ስትዘፍን ሰሟት?» አለችኝ።

«ሰማኋት።»

«እኔ እናቷ፣ መድረክ ላይ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።»

«ሄደሽ ስሚያት።»

«በቀላሉ ይቅር የምላት ይመስልዎታል?» አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችም። እኔም ሻንጣዬን አስቀምጬ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ የልጄን ትንፋሽ እያዳመጥሁ ቆምሁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የወጣ ልጃችሁን በሰላም ይመልስላችሁ፤ ያልተመለሰውንም ባለበት ይጠብቅላችሁ። ማዕዳችሁ አይጉደል፤ በራችሁ በሰው እጅ ይንኳኳ፤ ለቤታችሁ ከጥጋብ በፊት ፍቅርን ይስጥ። አሜን።