ከዝርዝሩ አልወጣ ያለው ኢኮኖሚክስ

ሎርና ፕሩት ኦሃዮ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ሬጅስትራር ሆና ሠርታለች። የተማሪ ትራንስክሪፕት ለኮሌጅ ስትልክ፣ ትምህርት ቤቱ የሚሰጣቸውን ትምህርቶች ዝርዝር አብራ ታያይዛለች። በዚያ ሁሉ ዓመት የተሳሳተችው አንዴ ነው፤ እሱንም አውቃ።

የከፍተኛ ኢኮኖሚክስ መምህሩ፣ ሳል የማይለየው ሽማግሌ ሚስተር ሃስኬት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። ተተኪ አልተገኘም፤ ትምህርቱ ቀረ። ከዝርዝሩ ማውጣት የሎርና ሥራ ነበር፤ እጇ እምቢ አላት። ትወደው ነበራ! አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረው። «አንድ መስመር ማንን ይጎዳል?» አለች።

ይጎዳል እንጂ! ኮሌጆች ትምህርት ቤቱ ያልሰጠውን ትምህርት ከተማሪ አይጠብቁም፤ ያለውን ከዘለለ ግን ከባዱን ፈርቶ ሸሸ ይላሉ። ይኸው ስለ ተማሪዋ ቴሳ ኮዋልስኪ ከአንድ ኮሌጅ ደብዳቤ መጣ፦ «ኢኮኖሚክስ ማጥናት የምትፈልግ ልጅ ከፍተኛውን ለምን ተወችው? እስከ ዓርብ መልሱልን።»

ሎርና በድንጋጤ መስመሩን ከኮምፒውተሩ ሰርዛ አተመች። ወረቀቱ ላይ አለ። ደግማ ሰረዘች፤ አሁንም አለ። በሦስተኛውም አለ። ልጅቷን አስጠራቻት።

«ቴሳዬ፣ ጉድ ሠራሁሽ። የሌለ ትምህርት አለ ብዬ...»

«እንዴ ሚስስ ፕሩት! ኢኮኖሚክሱን ነው? እየተማርኩ ነው እኮ።»

«የት?»

«አሥራ አራት ቁጥር ክፍል፣ በምሳ ሰዓት። እኚያ የሚያስሉት ሽማግሌ። ብቻዬን ሆኜም ስም ይጠራሉ።»

«ቀልድሽን ተይኝ!»

«ኧረ እናቴ ትሙት!»

የሚስተር ሃስኬት ክፍል ከተቆለፈ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቁልፉ ሎርና መሳቢያ ውስጥ ነው። ከፈተችው። ሰሌዳው ላይ ገና ብናኙ ያልረገፈ የጠመኔ ጽሑፍ አለ። ጠረጴዛው ላይ የስም መጥሪያው ተከፍቷል፤ የቴሳ ስም ብቻ፣ አጠገቡ «ኤ»። ከታች ወደ ግራ በሚያዘነብለው በራሱ እጅ ጽሑፍ፦ «ሎርና፣ የልጅቷን መንገድ አትዝጊ። አሁን ሰርዢኝ።»

እያለቀሰች ተመልሳ ለኮሌጁ ጻፈች፦ «ትምህርቱ ከቀረ ሁለት ዓመቱ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የልጅቷ አይደለም።» መስመሩን ሰርዛ አተመች። የለም። ላከችው።

ሚያዝያ ላይ ቴሳን ተቀበሏት። ሎርና ግን ዛሬም በምሳ ሰዓት ዝርዝሩን ታትማለች፤ ምናልባት ይመለስ እንደሆነ። አልተመለሰም።