ከቀኝ በኩል የመጀመሪያው ሣጥን

ባለፈው ሳምንት ላፕቶፔ አረጀሁ አለኝ። ቃል በቃል እንዲያ አላለም፤ የተጫነበት ሲስተም ከእንግዲህ እድሳት እንደማያገኝ፣ አዲሱን ደግሞ አቅሙ እንደማይችለው በትህትና አስታወቀኝ። ማሽኑ ግን ደህና ነው። ቁልፎቹ ይሠራሉ፤ ባትሪውም መብራት ሲጠፋ አሳፍሮኝ አያውቅም። ያለኝ ምርጫ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም መጫን ብቻ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎንደር ባለው ቤቴ፣ ቁርሴን በልቼ ጀመርኩ። መጫኛው የዲስኩን ክፍሎች በሁለት ባለቀለም ሣጥኖች ደርድሮ የትኛው ይጥፋ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እጄ ማውሱ ላይ ደርቆ ቀረ።

ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ያኔ የሰጠሁት መልስ የተሳሳተ ነበር።

ያደግሁት መተማ ዮሐንስ ነው። አባቴ በመምህርነት ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከዚያ በኋላ ሰው ሲጣላ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት እጠብቅ ነበር። ሰኔ ሊገባ ቀናት የቀሩበት ወቅት ነው፤ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ወርዶ ጭንቅላት ላይ የሚቀመጥበት፣ ማንም ከማንም ጋር ረጅም ነገር ማውራት የማይፈልግበት። ቤታችን አንድ ኮምፒውተር ነበረ። ጎረቤታችን ሐጂ ኢድሪስ፣ ባለሱቁ፣ ከካርቱም ያስመጡልን ነው። አባቴ ደስታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ነገር ታወቀ፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ዐረብኛ ብቻ ነበር።

ዐረብኛ ደግሞ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ተገልብጧል። ሌላው ዓለም በግራ የሚያገኘው የማስጀመሪያ ቁልፍ የእኛ በቀኝ ነው። መስኮት መዝጊያዋ ምልክት በግራ ጥግ ናት። እኔ ዐረብኛ ማንበብ አልችልም፤ ስለዚህ ቃሉን ትቼ ቦታውን ሸመደድኩ። ከቀኝ የመጀመሪያው ሣጥን ሲስተሙ ያለበት ነው፤ አይነካም። ከእሱ ቀጥሎ ወደ ግራ ያለው የአባቴ ነው። ያልለመድኩት ጽሑፍ ሲመጣ ሐጂን እጠራለሁ። ሐጂ ጀላቢያቸውን ሰብስበው ይመጡና፣ መነጽራቸውን ይፈልጉና፣ መነጽራቸው ሱቅ ቀርቶ ይገኛል። ተመልሰው ሄደው ይዘውት ሲመጡ መብራት ጠፍቷል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሆኗል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው አማርኛው ነበር። አባቴ በሁለት ጣት ይጽፉበት የነበረው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሲፈልገው ይሠራል፤ ሳይፈልግ ፊደሉን ሁሉ ባዶ ሣጥን በባዶ ሣጥን ያደርገዋል። አንድ ገጽ ሙሉ ሣጥን። አባቴ በመምህር ትዕግሥት ይዘጉታል፤ ይከፍቱታል፤ አንዳንዴ ይመለሳል። እሳቸው ቻሉት፤ እኔ አልቻልኩም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጓደኛዬ የላከልኝ የሊኑክስ ሲዲ ነበረኝ። አማርኛ ይችላል፣ ቫይረስ አይነካውም ብሎኛል።

«አባባ፣ ይህን ነገር ልቀይረው» አልኳቸው።

«ጽሑፌስ?»

«የእርስዎ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። እሱን አልነካውም።»

አባቴ ያን ጊዜ ይጽፉ የነበረው ተራ ነገር አልነበረም። ኮኪት አጠገብ ሁለት ሰሊጥ አምራቾች፣ አያ አጣናውና አያ ማሩ፣ በወሰን ተጣልተው ነገሩ ዱላ ላይ ደርሶ ነበር። የአያ አጣናው ልጅ ክንዱ ተሰብሯል። አባቴና ሐጂ ኢድሪስ ሌሎች ሽማግሌዎችን ይዘው ለሳምንታት ተመላልሰው፣ በመጨረሻ ቃል በቃል የተስማሙበት ውል ተዘጋጀ። እሑድ በሁለቱም ቤተሰብ ፊት ተነቦ ይፈረማል። ዝናቡ ከሱዳኗ ገላባት በኩል እየመጣ ነው፤ መሬቱ እንደረጠበ ትራክተር ይገባል። ውሉ ሳይፈረም ትራክተር ከገባ ቀጥሎ የሚሰበረው ክንድ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። አባቴ ደግሞ የራሳቸው ልማድ ነበራቸው፤ ስምምነት ሲያልቅ ረቂቁን በባለጉዳዮቹ ፊት ቀድደው ይጥሉታል። «የተጣለ ቃል ወረቀት ላይ ከተቀመጠ ተመልሶ ይመጣል» ይላሉ። ስለዚህ ውሉ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከቀኝ ሁለተኛው ሣጥን ውስጥ።

ሲዲውን ያስገባሁት ከምሳ በኋላ ነው። ሐሙስ ይሁን ዓርብ ማስታወሻዬ ላይ የለም። ሁለት ጊዜ አላነብም ብሎ ተፋው፤ በሸሚዜ ጠርጌ በሦስተኛው ተቀበለ። ሐጂ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ መጠጥ በጠርሙስ ይዘው መጥተው ከኋላዬ ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲለወጥ ጠርሙሱን አስቀመጡ።

«ያ ወለድ፣ ከዚህ በኋላ እኔ መሃይም ነኝ» አሉ፤ በዐረብኛቸው «አንተ ልጅ» ማለታቸው ነው።

«ግድ የለም ሐጂ፣ እንግሊዝኛውን እኔ እችላለሁ።»

«ቤት ልታድስ ነው ወይስ ልታፈርስ?»

«ላድስ ነዋ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

መጫኛው ሁለቱን ሣጥኖች ደርድሮ ጠየቀኝ። እንግሊዝኛውን አንብቤ ቢሆን ኖሮ የእያንዳንዱን መጠን ከሥሩ ተጽፎ አገኘው ነበር። አላነበብኩም። የማውቀውን ነገር ማን ያነባል? ከቀኝ የመጀመሪያው ሲስተሙ ነው፤ የሚጠፋውም እሱ ነው። እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልደገመኝም።

እንግሊዝኛ ከግራ ይጀምራል። ሣጥኖቹም እንደዚያው። በቀኝ ጥግ የነበረው የአባቴ ነበር።

አዲሱ ሲስተም ሲከፈት በጣም ያምር ነበር። አማርኛውም ጥርት ብሎ ይታያል፤ አንድ ባዶ ሣጥን የለም። የሚነበብ ነገር ብቻ ነው የጠፋው። ግማሽ ሰዓት ፈለግሁ፤ ከዚያ ፍለጋው ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ገባኝ። አሮጌው ዐረብኛ ሲስተም ግን በግራው ሣጥን ውስጥ አንዲት ፊደል ሳይጎድልበት በሰላም ተቀምጧል።

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡና ስክሪኑን አዩት።

«ሲስተሙ ደህና ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ ደብተር ያዝ። ነገ ኮኪት ትሄዳለህ።»

«እርስዎ አያስታውሱትም?»

«ባስታውስስ? እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ባለጉዳይ አይደለሁም። ውሉን ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የእኔ ውል ይለዋል።» ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። «አንድ ነገር ልንገርህ። አገኘሁ የሚሉህን አትጻፍ። ሰው ያገኘውን ሲናገር ያሳድገዋል። ተውኩ የሚሉህን ብቻ ጻፍ። የተወው ነገር ስለሚያመው ልኩን ያውቀዋል።»

በማግስቱ በአንድ አይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጬ ኮኪት ሄድኩ። መንገዱ አቧራ ነው፤ ግራና ቀኙ አምና የታጨደ የማሽላ አገዳ ጉቶ፣ ከዚያ ባሻገር የተቃጠለ ጥቁር ማሳ። ከጭነቱ ላይ ሆኜ ደመናውን እያየሁ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ሹፌሩን በልቤ እረግማለሁ። ሹፌሩ በቆመበት ሁሉ ፉል ይበላል። በአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ፉል የሚበላ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

አያ አጣናው የትራክተራቸውን ማረሻ ግሪስ እየቀቡ አገኘኋቸው።

«ጠፋ? ምን ማለት ነው ጠፋ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አያ።»

«አባትህ የሚያህል ሰው ወልዶ ወልዶ...» አሉና ግሪሱን በጨርቅ ጠረጉ። «ጻፍ እንግዲህ። ከጉድባው ወዲህ ያለው የእኔ ነው።»

«ያገኙትን አይደለም። የተዉትን ነው የምጠይቅዎ።»

«ቁስሌን ልትነካካ ነው የመጣኸው?»

«አባባ ናቸው እንደዚያ ብለህ ጠይቅ ያሉኝ።»

ፊታቸውን ወደ ማሳው መልሰው፣ እኔን ሳያዩ ተናገሩ። ከጉድባው በታች ያለችውን ጥቁር መሬት ትተዋል፤ በእጃቸው ከነበረው ሁሉ የሰፋች ዝርግ ናት። የልጃቸውን ክንድ ክስ ትተዋል። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ወረደ። ጻፍኩ፤ አነበብኩላቸው። «አዎ» አሉ፤ ጥርስ እንደተነቀለበት ሰው።

አያ ማሩ ዘንድ ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። ነገሩን ስነግራቸው እሳቸውም ተቆጡ፤ እኔን ሳይሆን ኮምፒውተሩን። «ወረቀት መች ጠፋ? ምን አጥተን ነው ቃላችንን ብረት ውስጥ የከተትነው?» እያሉ ውሃ ሰጡኝ። የተዉት፣ ሐፊር የምንለውን፣ ራሳቸው የቆፈሩትን የዝናብ ውሃ ጉድጓድ ነው፤ የአያ አጣናው የጉልበት ሠራተኞችና ትራክተር ከእንግዲህ ይጠጡበታል። የማሳቸውን ጫፍም ለመተላለፊያ ለቀዋል። ለተሰበረው ክንድ ይቅርታ በአደባባይ ይጠይቃሉ።

ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ውሉ ራሱን ገጠመ። አንዱ የተወው ሌላው ያገኘው ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሐጂ ኢድሪስ ዘንድ ሄጄ አነበብኩላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ይኸው ነው» አሉ። «ሌላ አለ?» አልኳቸው። «ይኸው ነው፣ ያ ወለድ።»

እሑድ ሁለቱ ማሳዎች የሚገናኙበት ቦታ ካለችው ትልቅ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ጠቡ የተነሣውም እዚያው ነበር፤ የሁለቱ ወገን ሠራተኞች በእኩለ ቀን በጥላዋ ተጋፍተው። አባቴ በእኔ እጅ ጽሑፍ የተጻፈውን አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው «የቀረ ነገር አለ?» አሉ።

ማንም አልተናገረም። አያ አጣናው መሬት መሬት ያያሉ። አያ ማሩ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይነካካሉ። ሐጂ ቀና ብለው ቅርንጫፎቹን ያያሉ። ሙቀቱ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ተፈረመ፤ አያ ማሩ ይቅርታ ጠየቁ፤ ተሳሳሙ። በሦስተኛው ቀን ዘነበ። ትራክተሮቹ ገቡ፤ ማንም ማንንም አልነካም።

ጋዜጠኛ የሆንኩት ከዚያ ነው ብዬ ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ። ሁለቱንም ወገን ለየብቻ ጠይቅ፤ መልሰህ አንብብላቸው፤ በሦስተኛ ሰው አረጋግጥ። ሥራዬን ሁሉ በዚህ ነው የሠራሁት። የኮኪቱን ውልም ከሠራኋቸው ዘገባዎች ሁሉ አንድም ነገር ያልጎደለበት አድርጌ እቆጥረው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት እጄ ማውሱ ላይ እንደደረቀ፣ መተማ ላሉት አባቴ ደወልኩ። አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው።

«አባባ፣ ኮምፒውተር ልቀይር ነው።»

«የማንን ውል ልታጠፋ?» አሉና ሳቁ። ከዚያ፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ቁርቁራዋ እኮ አሁንም አለች» አሉኝ። «ሁለቱም ትራክተር እሷ ጋ ሲደርስ ዞር ይላል።»

«ምነው ታዲያ?»

«ትቆረጥ ነበራ የሚለው ውሉ። የጠብ ምክንያት ነች፣ ለማንም አትሁን፣ ትቆረጥ ብለን ጽፈን ነበር።»

«ማንም አልነገረኝም!»

«ማን ይነግርሃል? ማናቸውም አልፈለጉትም። ሐጂ አልፈለጉትም። የእኔም ልብ አልተቀበለውም ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁ። አራት ምንጭ ነበረኝ። አራቱም አወቁ፤ አራቱም ደበቁኝ፤ እኔ ደግሞ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩ። ይህን ያህል ዓመት ስሠራ የዚያን ዕለቱን ያህል የተናደድኩበትን ቀን አላስታውስም።

ከዚያ ፋይሎቼን በሁለት ቦታ ገለበጥኩ። በየሣጥኑ ሥር የተጻፈውን መጠን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ። እስከ ዛሬ መስኮት ልዘጋ ስል እጄ መጀመሪያ ወደ ግራ ይሄዳልና አላምነውም። የያኔውን ውል እኔ ያጠፋሁት ሳላነብ ነው፤ በሁለት ቀን ልፋት ተመለሰ። አንዲቷን መስመር ግን እነሱ አንብበው፣ አውቀው፣ እርግጠኛ ሆነው አጠፏት። እሷን የሚመልስ ሲስተም የለም፤ ባይኖርም ይሻላል። ቁልፉን ተጫንኩ።