ጋሼ ያልተናገሩት ፍርድ

አጎቴ የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። እኛ ቤት ጋሼ እንላቸዋለን። ሰው ሲናገር የሚያቋርጥ ካለ እጃቸውን አንስተው «ይጨርስ!» ይሉ ነበር። የሕፃን ወሬ እንኳ እስከ መጨረሻው ይሰማሉ።

አምና ስትሮክ መታቸውና ቃል አልታዘዝ አላቸው። አእምሯቸው ግን ደህና ነበር። ወደ ሥራ የተመለሱ ዕለት ደግፌ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። አንዲት ጎረቤታችን የሰው ከብት ገብሷን ስለበላባት ካሳ ጠይቃ ነበር። አብረዋቸው የተሰየሙት ሁለት ዳኞች አልተስማሙም፤ የሚለየው የጋሼ ቃል ነበር። ጋሼ «እኔ... እኔ...» እያሉ ሲታገሉ፣ ካሳውን የተቃወሙት ዳኛ፣ የልጅነት ወዳጃቸው፣ ቀደሟቸው።

«እሱም እንደኔ ነው፤ ካሳ አይገባትም።»

ጋሼ አይደለም ለማለት ራሳቸውን ወዘወዙ፤ ጠረጴዛውን መቱ። ወዳጃቸው እጃቸውን ይዘው «አይዞህ ወንድሜ፣ አትድከም፤ ገብቶናል» አሉ። ሴትየዋ «እርስዎም፣ ጋሼ?» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው ቤቷ ሄዱ። በሯ ላይ ቆመው ብዙ ከታገሉ በኋላ «እኔ... አላልኩም» አሉ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ብርዱ አይምታዎት» አለቻቸው እያለቀሰች።

ወደ ፍርድ ቤቱ ግን ዳግም አልሄዱም።

በቀብራቸው ዕለት ወዳጃቸው «እኔና እሱ በቃል ተለያይተን አናውቅም» እያሉ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ሰሞኑን ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስመጣ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ከተሳፈርኩበት መኪና ወርጄ በፍርድ ቤቱ በር አለፍኩ። አሁን በጋሼ ወንበር የተቀመጡት እኚሁ ወዳጃቸው ናቸው። ወንበሩ ባዶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።