የእማዬ ሰባት ትርፍ ዓመታት

እማዬ ሰኞ ጠዋት ዐረፈች። ማክሰኞ የዕድራችን ጸሐፊ አቶ መልከጸዴቅ ኮል አደረጉልኝ።

"ፍስሐ፣ እግዜር ያጽናችሁ። ሶ፣ ቀብሩ ዓርብ ጠዋት አምስት ሰዓት ነው። የእናታችሁን የሕይወት ታሪክ ጽፈህ እስከ ሐሙስ ላክልኝ። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ አደራ! ባለፈው የአንዱ ሰውዬ ታሪክ አራት ገጽ ሆኖ ሕዝቡን ዝናብ ላይ አቁሞት ነበር።"

"አይበልጥም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ኤሌክትሪሺያን ነኝ። እኔ የምጽፈው ጽሑፍ የኤሌክትሪክ ፓነል በር ላይ የሚለጠፍ ነው፤ ይህ ብሬከር የወጥ ቤት፣ ያኛው የልብስ ማጠቢያ። አጭር ነው፤ ትክክል ካልሆነ ግን ሰው ይጎዳል። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ እጁን ሽቦ ውስጥ የሚከተው የጻፍኩትን አምኖ ነው።

ሲያትል፣ ቢከን ሂል ሰፈር ባለው ቤታችን፣ እማዬ ጨርቅ ትቆርጥበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥኩ። እህቴ ሩሐማ አጠገቤ ጥቁር ልብስ ትተኩሳለች። "ወይዘሮ ባየሽ" ብዬ ጀመርኩ፤ የአባቷን ስም፣ የእናቷን ስም፣ ደሴ ከተማ መወለዷን ጻፍኩ። ዓመቱ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

"ምን ሆንክ?" አለች ሩሐማ።

"ዕድሜዋን ስንት ልበል?"

"ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው? የሆስፒታሉ ወረቀት ዘጠና አንድ ይላል፤ ዘጠና አንድ በል። ሰው 'ዕድሜ ጠግባ ነው' ይላል፣ እኛም እንጽናናለን። ሰማንያ አራት ብለህ ደግሞ ለቀስተኛውን ሒሳብ አታሠራው።"

የእማዬ የወረቀት ዕድሜና የእውነት ዕድሜ እንደማይገጥም ሩሐማ ታውቃለች። ቤት ውስጥ ስንቀልድበት የኖርን ነገር ነው። የማታውቀው ምን እንዳስከፈለ ነው። እሱን የምናውቀው እማዬና እኔ ብቻ ነበርን፤ አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።

አባታችን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እኔ ዘጠኝ፣ ሩሐማ አምስት ዓመት ሲሞላን መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ለእማዬ የቀራት ከማግባቷ በፊት ጀምሮ የምትሰፋበት በእግር የሚረገጥ መኪና ነው። በእሱ ከአርባ ዓመት በላይ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፋች። ነሐሴ ከገባ ቀኑን ሙሉ ትረግጣለች፤ ሁልጊዜም ኃይሉን የምትሰጠው በቀኝ እግሯ ነው። ምሳዋን እንኳ መኪናው ላይ ነው የምትበላው።

የሱሪ እግር ስትቀመቅም ወደ ውስጥ አራት ጣት ትርፍ ታስቀራለች። ሌሎቹ ሰፊዎች ጨርቅ ለመቆጠብ ሁለት ጣት ነበር የሚያስቀሩት። "ልጅ ያድጋል፤ ሲያጥረው ይፈታለታል" ትል ነበር። እኔ ራሴ አንዱን ሱሪ ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል ለብሼዋለሁ። እጥፋቱ በተፈታ ቁጥር የድሮው ጠርዝ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ መስመሩን የቆጠረ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ያውቃል። በዚያ ስፌት ነው ሁለታችንንም አስተምራ፣ እኔን ቴክኒክ ትምህርት ቤት አስገብታ ሙያ ያስያዘችኝ።

ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ የእማዬ ልደት ብቻ ሲቀር።

በዲቪ ሲያትል የገባሁት በ2000 ነው። ዜግነት እንዳገኘሁ፣ በ2005፣ እማዬን ለማስመጣት ፎርም ሞላሁ። በምሳ ሰዓት፣ ማውንት ቤከር አካባቢ የሥራ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ፎርሙን መሪው ላይ ዘርግቼ። የእማዬን ልደት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ጥር 12 ቀን 1932፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት። ጥር ደግሞ አምስተኛ ወር ነው። ስለዚህ 12፣ 05፣ 1932 ብዬ ጻፍኩ። ሳንድዊቼን ጨረስኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አሜሪካን ወሩን ያስቀድማል፤ ዓመቱም የኛ ዓመት አይደለም። የእማዬ ልደት በእነሱ ጃንዋሪ 21 ቀን 1940 ነው። እማዬ በአንድ የምሳ ሰዓት ዲሴምበር 5 ቀን 1932 የተወለደች ሆና ቁጭ አለች። በሰባት ዓመት ከአንድ ወር ከዐሥራ ስድስት ቀን አስረጀኋት። ደሴ ያሉ ዘመዶችም የልደት ወረቀቷንና ፓስፖርቷን ያስወጡት ከፎርሙ ጋር ይግጠም ተብሎ በዚያው ቀን ነው። ስህተቱን ያየሁት ቪዛው ከመጣ በኋላ ነበር። በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ሥራ ላይ እንዲህ የሚል ልጅ ቢያጋጥመኝ አባርረዋለሁ።

በ2006 እዚህ ስትደርስ ነገርኳት። ሳቀች።

"አራት ጣት ትርፍ ነው የተውክልኝ በለኛ! ሲያጥረኝ እፈታዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ቀኗን እንደ ጸሎት በቃሏ ያዘች። የትም ክሊኒክ ልደቷን ሲጠይቋት "ዲሴምበር ፋይቭ፣ ናይንቲን ሰርቲ ቱ!" ትላለች፣ ቀጥ ብላ፣ እንደ ወታደር። የአረጋውያን ማእከሉ በየዓመቱ ዲሴምበር 5 ኬክ ያቀርብላት ነበር፤ እሷም ምንም ሳይመስላት ሻማውን እፍ ትላለች። "የማን ልደት እንደሆነ አላውቅም፣ ኬኩ ግን ጥሩ ነው" ትለኛለች በአማርኛ፣ ፈገግ ብላ ለፎቶ እየተዘጋጀች።

ቤት መቀመጥ አልወደደችም። ነጂባ የምትባል ሴት ኦቴሎ ሰፈር የጨርቅና የልብስ ሱቅ አላት፤ ሱሪ የሚያሳጥር ሰው ትፈልግ ነበር። እማዬ ቢከን ሂል ላይ ባቡሩን ይዛ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ትወርዳለች። ነጂባና እሷ ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ነው የሚውሉት።

"እማማ ባየሽ፣ በሰማንያ ዓመትዎ ያለ መነጽር ክር ያስገባሉ! እኔ በሃምሳዬ አቃተኝ።"

"አንቺ ዓይንሽን ስልክ ላይ ጨረስሽው፤ ለመርፌ የሚተርፍ ከየት ይምጣ?"

በ2016፣ በማርች ወር፣ ቀኝ ጉልበቷ እምቢ አላት። ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። በስልክ አስተርጓሚ እናገናኛችሁ ሲሉን "እኔ አለሁ" አልኩ። ሐኪሙ ኤክስሬዩን እያሳየ አስረዳኝ። አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋጫል። ጉልበቱን በሰው ሠራሽ መቀየር ይቻላል፤ ሰባ አምስት፣ ሰባ ስድስት ቢሆኑ ኖሮ ዛሬውኑ ቀጠሮ እይዝላቸው ነበር። በሰማንያ ሦስት ዓመት ግን፣ ከደም ግፊታቸው ጋር፣ መርፌና እንቅስቃሴ ይሻላል አለ።

እማዬ በዚያ ቀን ሰባ ስድስት ዓመቷ ነበር።

"መርፌ ይሻልሻል ይላል" ብዬ ተረጎምኩላት።

"ኤይቲ ስሪ ያለው ምኑን ነው?" አለችኝ። ከነጂባ ሱቅ የእንግሊዝኛ ቁጥር ለምዳለች፤ የወገብና የእግር ልክ የሚመጣላት በኢንች ነው። መልሴን ሳትጠብቅ ሐኪሙን "ታንክ ዩ" ብላ ምርኩዟን አነሳች።

መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ ነው የተናገረችው።

"ዕድሜዬን ነው፣ አይደል?"

"አዎ።"

"የእውነቱን ቢያውቅ ይሠራልኝ ነበር?"

"ይሠራልሽ ነበር። አሁኑኑ ተመልሼ እነግረዋለሁ።"

"በሩን ዝጋ" አለችኝ። "የሩሐማ ጉዳይ የገባው በማን ስም ነው?"

"በአንቺ ስም።" እማዬ ዜግነት እንዳገኘች ነበር ለሩሐማ ያመለከተችው፤ አምስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

"በየትኛዋ በእኔ? በሰማንያ ሦስቷ አይደል? እዚህ ሰባ ስድስት፣ እዚያ ሰማንያ ሦስት ስንል አንዱ ወረቀት ሌላውን ይጠራል። ልጄ መጀመሪያ ትግባ።"

"እማዬ፣ ጉልበትሽ እኮ ነው!"

"የምሄድበት እኔ ነኝ። ንዳ ይልቅ፣ ነጂባ ሱሪ ቆልላ ትጠብቀኛለች። ደግሞ ይህን ሩሐማ እንዳትሰማ፤ ስትሰማ 'አልመጣም' ትላለች፣ አውቃታለሁ።"

ለሐኪሙ በቃል መንገር ይበቃ ይሆን ነበር። የወረቀቱንም ነገር አንድ ጠበቃ ብጠይቅ ምናልባት በአንድ ፎርም የሚስተካከል ነገር ነበር። ይህ ያን ቀን አልታየኝም ልል አልችልም፤ ታይቶኛል። ግን ስህተቴን ለማያውቀኝ ሰው ከማስረዳት የእናቴን ትእዛዝ ማክበር ቀለለኝ። የሠራሁላት ነገር ቢኖር ነጂባ ሱቅ ሄጄ የስፌት መኪናውን ፔዳል በግራ እግሯ በኩል ማዞር ነው። ሽቦውን አስረዘምኩ፣ እንዳይንሸራተት ከጣውላ ጋር በብሎን አሰርኩት። በሁለት ቀን ለመደችው።

ሩሐማ በ2018 ገባች። ኤርፖርት ላይ ምርኩዙን አይታ "እማዬ፣ እንዲህ አረጀሽ?" ብላ አለቀሰች። "በወረቀት ሰማንያ አምስት ነኝ፤ ምን ጠብቀሽ ነበር?" አለቻት እማዬ። በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ልያዝልሽ ብላት "አሁንማ በእውነትም ሰባ ስምንት ሆንኩ፤ ተወኝ፣ ለምጄዋለሁ" አለችኝ።

ይህንን ሁሉ ነው ማክሰኞ ዕለት ለሩሐማ የነገርኳት። መጀመሪያ ካውያውን እንድታጠፋ ጠየቅኳት። ቆማ ነው የሰማችኝ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ" አለች ስጨርስ፣ "ያን ጉልበት ጠዋት ማታ በቅባት ያሸሁት እኔ ነኝ። 'እርጅና ነው' ስትለኝ አምኛት። አንተ እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር።"

"አዎ።"

"ለምን አሁን ነገርከኝ?"

"ዓመቱ ላይ ስደርስ መጻፍ አቃተኝ። ዘጠና አንድ ካልኩ፣ ያደረገችው ነገር ከእሷ ጋር መቀበሩ ነው።"

ትታኝ ወጣች። መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ወረቀቱን አጥፌ ለመተው አስቤ ነበር፤ ዘጠና አንድ ብዬ ልኬ መገላገል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ተመለሰች፤ ፊቷን ታጥባለች።

"ጻፍ" አለችኝ። "ሰማንያ አራት በል። የኔንም ጻፍ።"

"የአንቺ ምኑን?"

"በማን ጉልበት እንደመጣሁ።"

ሐሙስ ጠዋት ላክሁት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አቶ መልከጸዴቅ ደወሉ።

"ፍስሐ፣ ዓመቱ እኮ ከሞት ወረቀቱ ጋር አይገጥምም። ታይፕ ስታደርግ ተሳስተህ ነው?"

"የተሳሳተው ያኛው ነው፣ ጋሼ። እሱንም የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከታች አለልዎት።"

ሲያነብቡ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። "ኦኬ" አሉ ቆይተው። "ይህን እኔ አላነብም። አንተው አንብበው።"

"አነብባለሁ።"

"ደግሞ ከአንድ ገጽ በሦስት መስመር በልጧል።"

"ላሳጥረው?"

"ተው፣ አታሳጥር። ዣንጥላ ያዙ እላቸዋለሁ።"

ዓርብ ዕለት ዘንቧል። ከፍትሐቱ በኋላ መቃብሩ አጠገብ ቆሜ አነበብኩ። የዩኒፎርሙን፣ የአራት ጣቱን፣ የነጂባን ሱቅ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ "ወረቀቷ ዘጠና አንድ ይላል። ያ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። እናቴ ሰማንያ አራት ዓመት ነው የኖረችው። የቀሩትን ሰባት ዓመታት የተሸከመችው እህቴ እንድትገባ ነው፤ በቀኝ ጉልበቷ።" እዚህ ላይ ቆምኩ። ሩሐማ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ የቀሩትን ሦስት መስመሮች አነበበች።

ከኋላ አንድ ሰው "በቀብር ቀን ይህ ይነገራል?" ሲል ሰምቻለሁ። ይበል። ነጂባ ስትሰናበተኝ እያለቀሰችም ከእማዬ ጋር የለመደችውን ንትርክ አልተወችም።

"ሰባዎቹ ውስጥ ሆነው ነው ለካ እንደ ዘጠና ዓመት ሰው ወንበር ሲያስለቅቁኝ የነበሩት! ከእናቴ እኮ በአንድ ዓመት ብቻ ነው የሚበልጡት።"

የሞት ወረቀቱ እንዳለ ነው፤ እሱን ለማስተካከል አሁን በእርግጥ ጠበቃ ይዣለሁ፤ ይረዝማል ብሎኛል። ድንጋዩ ግን በእኛ እጅ ነበር። በኅዳር መጨረሻ ድንጋይ ቀራጩ ንድፉን በኢሜይል ላከልን፤ አይታችሁ ካጸደቃችሁ በኋላ መመለስ የለም የሚል ማስጠንቀቂያ አለበት። ሩሐማ ጮክ ብላ ታነብባለች፣ እኔ በእርሳስ ፊደል በፊደል ምልክት አደርጋለሁ። ቀራጩ ቦታ ለመቆጠብ ቀኑን በቁጥር ብቻ እንድናደርገው ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

አይሆንም ብዬ መለስኩለት። ጥር 12 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው የሚለው። ወሩን በፊደል አጻፍኩት።